በፍሪጅ ሞተር የሚቀዘቅዝ ኮምፒውተር፦ እንዴት እንደሚሠራና አጠገቡ ስትሠሩ ማወቅ ያለባችሁ

እህቶቼ፣ በምትሠሩበት ቤት፣ በልጆቹ ክፍል ውስጥ እንደ ፍሪጅ የሚያጉረመርምና ጥቁር ስፖንጅ የተጠቀለለባቸው ቱቦዎች የሚገቡበት የኮምፒውተር ሳጥን ካለ ይሄንን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ባይኖርም አንብቡት፤ ስለ ፍሪጅና ስለ ኤሲ (እዚህ ሙከይፍ የምንለው) ብዙ ነገር አለበት፣ እነዚህን ደግሞ ሁላችንም በየቀኑ እንነካቸዋለን።

እኔ የምሠራው ሳውዲ፣ ደማም ነው። የቤቱ ትልቅ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። በትምህርት እረፍቱ እንዲህ ያለ ኮምፒውተር በገዛ እጁ ሲሠራ እኔ ባትሪ አበራለት፣ ቱቦ እይዝለት ነበር። በኋላ በዚሁ ዕቃ የተነሳ ደሞዜ ሊቆረጥ ምንም አልቀረውም። የተማርኩት እስከ አሥረኛ ክፍል ነው፣ መሐንዲስ አይደለሁም። ግን መጠየቅ አላፍርም፣ ልጁም ማስረዳት ይወዳል፣ ያልገባኝን ደግሞ ማታ ማታ ስልኬ ላይ እየፈለግኩ አነበብኩ። የገባኝን ነው የምጽፍላችሁ።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

ኮምፒውተር የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም መጨረሻው ሙቀት ነው። ካውያ ወደ 2000 ዋት ይወስዳል። ለጌም የተሠራ ጠንካራ ኮምፒውተር ሥራ ሲበዛበት 500፣ 600 ዋት ይወስዳል፤ ስለዚህ የካውያ ሩብ ክፍሉ ውስጥ ለሰዓታት እንደተሰካ ቁጠሩት። ከመጠኑ ይልቅ የሚያስቸግረው ግን ቦታው ነው። የኮምፒውተሩ አንጎል ፕሮሰሰር ይባላል። ኢንቴል ኮር አይ9-14900ኬ የሚባለውን ብንወስድ በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ 253 ዋት ይወስዳል፣ ያ ሁሉ ሙቀት የሚወጣው ግን 2.5 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ከምትሆን፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ትንሽ ከፍ ከምትል ቁራጭ ነው። በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 100 ዋት መሆኑ ነው። 18 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የ1500 ዋት የኤሌክትሪክ ምድጃ በዚሁ ስሌት 6 ዋት ብቻ ነው የሚደርሰው። ወጥ የምንሠራበት ምድጃ ማለት ነው! ፕሮሰሰሩ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል።

ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ላይ የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ብረት ይጫንበታል፣ ፋንም ይነፋበታል። ከዚህ የተሻለው ደግሞ ውሃ በቱቦ እየዞረ ሙቀቱን ይወስድና የመኪና ራዲያተር በሚመስል ነገር ያወጣዋል። ሁለቱም የማይችሉት አንድ ነገር አለ፤ ከክፍሉ አየር በታች ማቀዝቀዝ። ክፍሉ 24 ዲግሪ ከሆነ ውሃው ከ24 በታች አይወርድም። ኤሲው ጠፍቶ ክፍሉ 38 ከገባ መነሻው 38 ነው። ከዚያ በታች ለመውረድ ሙቀትን በግድ መግፋት ያስፈልጋል፤ ያንን የሚሠራው የፍሪጅ ሞተር ነው።

ይሄ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው ብትሉ፣ ፕሮሰሰር በጣም ሲቀዘቅዝ ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ ይቻላል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ኢቲኤ10 የተባለው የአሜሪካ ትልቅ ኮምፒውተር በፈሳሽ ናይትሮጅን ይቀዘቅዝ ነበር። በ2000 መጀመሪያ ላይ ክራዮቴክ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት የፍሪጅ ሞተር ሳጥኑ ውስጥ የገባበት ኮምፒውተር ይሸጥ ነበር፤ ፕሮሰሰሩን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ድረስ አውርዶ 1 ጊጋኸርዝ አስሮጠው። በዚያን ጊዜ ይሄ ተአምር ነበር። የዴንማርኩ አሴቴክም ቬፖችል የሚባል ተመሳሳይ ሳጥን ሠርቷል፤ በኋላ ግን ወደ ውሃ ማቀዝቀዣ ዞረ። በ2011 ደግሞ የኤኤምዲ ፕሮሰሰር በፈሳሽ ሂሊየም ቀዝቅዞ 8.429 ጊጋኸርዝ ደረሰ፣ የዓለም ክብረ ወሰን ተብሎም ተመዘገበ። አሁን ከ9 በላይ ደርሰዋል። ልክ እንደ ሩጫ ነው፣ ደቂቃ ለማትሞላ ነገር ዓመት ይለፋሉ።

አራቱ ዕቃዎች

ሳኒታይዘር እጃችሁ ላይ ስታፈሱ ይቀዘቅዛችኋል አይደል? ፈሳሹ ሲተን የእጃችሁን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። አገር ቤት የእንስራ ውሃ የሚቀዘቅዘውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በሸክላው ወዝቶ የወጣው ውሃ እየተነነ የውስጡን ሙቀት ይወስዳል። ሁለተኛው ነገር ግፊት ነው። አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ደማም ባሕር ጠርዝ ላይ ስለሆነች 100 ይደርሳል። ከፍታ ላይ የአየሩ ጫና ስለሚቀንስ ነው። (እዚህ ምስር ቶሎ የሚበስለው ለዚህ ነው፣ የማዳም ድስት ስለተሻለ አይደለም።) ጫናው ሲቀንስ ፈሳሽ በትንሽ ሙቀት ይፈላል፣ ጫናው ሲጨምር ብዙ ሙቀት ይፈልጋል። የፍሪጅ ምስጢር ይሄው ነው።

በፍሪጅ ቱቦ ውስጥ የሚዞረው ጋዝ በተፈጥሮው በጣም በዝቅተኛ ሙቀት የሚፈላ ነው። አር-134ኤ ከዜሮ በታች 26 ላይ ይፈላል፣ አር-290 የሚባለው (ፕሮፔን ነው፣ የማብሰያ ጋዝ ዘመድ) ከዜሮ በታች 42 ላይ፣ በአዳዲስ ፍሪጆች ያለው አር-600ኤ ደግሞ ከዜሮ በታች 12 አካባቢ። ኮምፕሬሰሩ፣ ማለትም ከፍሪጁ ጀርባ ከታች ያለው ጥቁር ድብልብል ሞተር፣ ጋዙን ይጨምቀዋል። ሲጨመቅ ይግላል። ያ የጋለ ጋዝ ኮንደንሰር በሚባለው ረጅም ጥምዝ ቱቦ ሲያልፍ ሙቀቱን ለክፍሉ ይለቅና ፈሳሽ ይሆናል። ከድሮ ፍሪጅ ጀርባ አቧራ ስትጠርጉ እጃችሁን የሚያሞቀው ጥቁር ፍርግርግ እሱ ነው። ከዚያ ፈሳሹ ከስፓጌቲ በቀጠነ የመዳብ ቱቦ ይሾልካል፤ ሲወጣ ጫናው ድንገት ይወርዳል። ጫና ያጣው ፈሳሽ ኢቫፖሬተር የሚባለው ክፍል ውስጥ ይፈላል፣ ሲፈላም ከአጠገቡ ያለውን ሙቀት ሁሉ ይጠጣል። በረዶ የሚይዘው እዚያ ነው። ጋዙ ተመልሶ ወደ ሞተሩ ይገባል፣ እንደገና ይዞራል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ሙቀቱ አልጠፋም፣ ቦታ ነው የቀየረው። እንዲያውም ሞተሩ የበላው ኤሌክትሪክ ተጨምሮበት በዝቶ ይወጣል። የልጁ ክፍል ኮምፒውተሩ ሲቀዘቅዝ ለምን እንደሚብስበት ያኔ ነው የገባኝ።

ፍሪጅ ውስጥ ቢከቱትስ?

ይሄንን ጥያቄ እኔም ጠይቄው ስቆብኛል። ብዙ ሰው ግን ይሞክረዋል ይባላል፣ ስለዚህ አታፍሩ። የቤት ፍሪጅ የተሠራው ቀስ ብሎ ለሚቀዘቅዝ ምግብ ነው። የሞቀ ድስት ከተን ምን ያህል እንደሚቸገር እናውቃለን። ኮምፒውተር ማለት የማይበርድ ድስት ነው፤ 500 ዋት ሳያቋርጥ ያፈልቃል። ሞተሩ እረፍት ያጣል፣ ሌት ተቀን ይሮጣል፣ ውስጡ ከመቀዝቀዝ ይልቅ ይሞቃል፣ በመጨረሻ ሞተሩ ይቃጠላል። በሩ በተከፈተ ቁጥር የሚገባው እርጥበት ደግሞ ኮምፒውተሩን ያረጥበዋል።

ሁለት ትክክለኛ መንገዶች አሉ። አንደኛው የጋዙን ኢቫፖሬተር በቀጥታ ፕሮሰሰሩ ላይ መጫን ነው፤ ክራዮቴክ ያደረገው ይሄንን ነው። በጣም ይቀዘቅዛል፣ ግን መዳብ መበየድ፣ ቱቦውን በቫኪዩም ፓምፕ ማድረቅ፣ ጋዝ መዝኖ መሙላት ይጠይቃል። የኤሲ ቴክኒሻን ሥራ ነው። ሁለተኛው ጋዙን ሳይነኩ በኤሲ ፈሳሽ ማቀዝቀዝና ያንን ፈሳሽ በፓምፕ ወደ ፕሮሰሰሩ ማዞር ነው። ልጁ የመረጠው ሁለተኛውን ነው።

ልጁ እንዴት ሠራው?

መጀመሪያ አሮጌ የመስኮት ኤሲ ገዛ፣ አንድ ቶን የሚባለውን። አንድ ቶን ማለት 12,000 ቢቲዩ ነው፣ በዋት ሲሆን 3500 ገደማ። ስሙ የመጣው አንድ የአሜሪካ ቶን በረዶ በ24 ሰዓት ለማቅለጥ ከሚበቃው ሙቀት ነው። ለኮምፒውተር ይበዛል እንዳትሉ፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ሲወርድ የኤሲው አቅም በጣም ይቀንሳል።

የኤሲውን ቆርቆሮ ፈታ። በመስኮት ኤሲ አንድ ሞተር ነው ሁለቱንም ፋን የሚያዞረው፤ ቀዝቃዛ የሚነፋውን ጎማ አወጣና የውጭውን ተወው። ከዚያ ነው ትንፋሼን የያዝኩት፤ ቀዝቃዛውን ክፍል፣ ኢቫፖሬተሩን፣ ከነቱቦው ትንሽ በትንሽ እያጠፈ ወደ ላይ አነሳው። ቱቦው ቢሰበር ጋዙ ይወጣል፣ ዕቃው አበቃለት። ለሽርሽር በሚይዙት የበረዶ ሳጥን ውስጥ ነከረው። ሳጥኑን በውሃና በመኪና ፀረ-በረዶ ፈሳሽ ሞላው፤ ንጹህ ውሃ ዜሮ ላይ ይረጋና ሁሉንም ይሰብራል፣ ግማሽ በግማሽ ሲቀላቀል ግን ከዜሮ በታች 35 ድረስም አይረጋም።

ስለዚህ ፈሳሽ እዚሁ ልንገራችሁ። አብዛኛው ኤትሊን ግላይኮል ነው፣ ሲቀመስ ይጣፍጣል፣ መርዝ ነው። ኩላሊት ይገድላል። አረንጓዴ አለ፣ ሮዝ አለ፣ ቀዩ ቪምቶ ይመስላል። ልጁ የተረፈውን በውሃ ላስቲክ ሞልቶ ማድ ቤት አስቀምጦት አገኘሁ! ቤቱ ውስጥ የአራት ዓመት ልጅ አለ። እንዲህ ያለ ካያችሁ አንሱት፣ ጻፉበት፣ ለባለቤቱ ስጡ። ልጅ ከቀመሰው ደህና ይመስላል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ወዲያው ሆስፒታል፣ ጠርሙሱንም ይዛችሁ።

የኤሲው የራሱ መቆጣጠሪያ ከ16 ዲግሪ በታች አይወርድም፣ ስለዚህ በዲጂታል ቴርሞስታት ቀየረው። ከዚያ ፓምፕ፣ ቱቦ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀመጥ የመዳብ ብሎክ። ሳጥኑን ራሱ ከፕላይውድ ሠራው፣ ፊቱን ግልጽ ፕላስቲክ አደረገው። የኤሲው ሙቅ ጀርባ በመስኮቱ ወደ ውጭ ይነፋል። ሁሉም ሲያልቅ ፈሳሹ ጌም ሳይከፈት ከዜሮ በታች 8፣ ጌም ሲከፈት ከዜሮ በላይ 3 አካባቢ ይሆናል። ያገኘው ፍጥነት? ከመቶ 10 እጅም አይሞላም። እኔ ብሆን አልለፋበትም ነበር፤ እሱ ግን እንደ ሙሽራ ነበር የተደሰተው።

ዋናው ጠላት ጤዛ ነው

ከበረዶ ሳጥኑ በላይ ጊዜ የፈጀበት ስፖንጁን መለጠፍ ነው። ቀዝቃዛ የውሃ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጡ ከውጭ ያልበዋል። ብርጭቆው አልፈሰሰም፣ ውሃው ከአየሩ ነው የመጣው። አየር የያዘው እርጥበት ወደ ውሃ የሚቀየርበት ልክ አለው፣ የጤዛ ነጥብ ይባላል። ክፍሉ 24 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ ከመቶ 50 ከሆነ የጤዛ ነጥቡ 13 ነው። ከ13 በታች የቀዘቀዘ ማንኛውም ነገር አየር ከነካው ያልበዋል። ከዜሮ በታች 8 የሆነ ቱቦማ ዝናብ ነው።

የእኛ አካባቢ ደግሞ ልዩ ነው። በዓለም ላይ ከተመዘገቡት የጤዛ ነጥቦች ከፍተኛው የሚባለው 35 ዲግሪ ነው፣ የተመዘገበውም ሐምሌ 8 ቀን 2003 (እ.ኤ.አ.) እዚሁ ጎረቤታችን ዳህራን ነው። መነጽር ለብሳችሁ ከቤት ስትወጡ ጭጋግ የሚይዘው ለዚህ ነው። ስለዚህ ባሕረ ሰላጤው ላይ፣ በደማም፣ በዱባይ፣ በዶሃ፣ በማናማ፣ እንዲህ ያለ ኮምፒውተርን ደረቅ የሚያደርገው የክፍሉ ኤሲ ነው። ኤሲ አየሩን ሲያቀዘቅዝ እርጥበቱንም ይጨምቅለታል፤ በቱቦ ወደ ውጭ የሚንጠባጠበው ውሃ እሱ ነው።

ልጁ ፕሮሰሰሩ ዙሪያ ያለውን ቦታ በቫዝሊን ሞላ፣ ከጀርባም እንዲሁ። በሰሌዳው ላይ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ቀባ (የኔን ነው የወሰደው፣ አዲስ ገዛልኝ)። ከዚያ በኤሲ ቱቦ ላይ የሚጠቀለለውን ጥቁር ጎማ መሰል ስፖንጅ ደራርቦ ለጠፈ፣ ጠርዙን በሲሊኮን ዘጋ። ሕጉ አንድ ነው፤ ቀዝቃዛው ነገር አየር እንዳያገኝ።

የኔ ጉዳይ የተፈጠረው ነሐሴ ውስጥ ነው። ልጁ ለሦስት ቀን ሪያድ ሄደ፣ ኮምፒውተሩን ግን ሥራ ሰጥቶት ክፍት ትቶት ነበር። ማዳም ሰው የሌለበት ክፍል ኤሲ ለምን ይሠራል ብላ አጥፊው፣ መስኮቱንም ከፍተሽ አናፍሺው አለችኝ። አጠፋሁ፣ ከፈትኩ። ማታ ስገባ ከጠረጴዛው ሥር ውሃ ተኝቷል፣ ኮምፒውተሩ ሞቷል። ማዳም በመወልወያ ውሃ ነው ያበላሸሽው፣ 500 ሪያል ከደሞዝሽ ይቆረጣል አለች። ደሞዜ 1000 ነው። ሦስቱን ቀን እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው፤ እናቴ የምትጠብቀውን ገንዘብ በልቤ ሃያ ጊዜ ደመርኩ፣ ቀነስኩ።

ልጁ ሲመጣ ስፖንጁን ቀደደው። አንዱ የሲሊኮን ጠርዝ ተነስቶ ነበር። ከውስጥ ውሃ ሞልቷል፣ የሳሙና ሽታ የለውም፣ የሰሌዳው የታችኛው ጫፍ ደግሞ ደረቅ ነው። የመወልወያ ውሃ ከታች ወደ ላይ ነው የሚያረጥብ፣ ቆሻሻና ሳሙናም ይተዋል። ጤዛ ግን ከሁሉ ቀዝቃዛ ከሆነው ቦታ ይጀምርና ወደ ታች ይወርዳል፣ ንጹህ ነው። ለእናቱ ይሄንን አሳያት። 500 ሪያሉ ቀረ። ይቅርታ ግን አልሰማሁም። ኮምፒውተሩም ሁለት ቀን ደርቆ ተነሳ።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ውሃ ካያችሁ ከማድረቃችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፤ ወለሉን፣ ቱቦውን፣ የኤሲውን ሪሞት። ኤሲ አጥፊ ስትባሉ ለዕቃው ባለቤት በዋትሳፕ «ማዳም አጥፊ ብላኛለች፣ ላጥፋ?» ብላችሁ ድምፅ ላኩ። ያ መልእክት ይቀመጣል። በሳውዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ ለተበላሸ ዕቃ ከደሞዝ የሚቆረጠው ሠራተኛዋ ሆን ብላ ወይም በቸልተኝነት ካበላሸች ነው፤ የታዘዘችውን ማድረግ ደግሞ ቸልተኝነት አይደለም።

ደረቅ በረዶ ክፍላችሁ ውስጥ እንዳታስገቡ

ይሄ ከሁሉም በላይ የምፈልገው ነው። ልጁ ኤሲውን ከመግዛቱ በፊት ከጓደኛው ጋር በደረቅ በረዶ ሞክሮ ነበር። ደረቅ በረዶ የረጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ። ፕሮሰሰሩ ላይ የመዳብ ቆርቆሮ ያቆሙና ውስጡ ይጨምሩታል። አይቀልጥም፣ በቀጥታ ጋዝ ይሆናል። ለማግስቱ የተረፈውን 10 ኪሎ በፎም ሳጥን አስቀመጡ፤ ማዳም ሳሎን ውስጥ አይቀመጥም፣ ወደ ክፍልሽ ውሰጂው አለችኝ። አልጋዬ ሥር አስገባሁት። ልተኛ ስል ልጁ በረዶው የት ነው ብሎ ጻፈልኝ። ክፍሌ ነው ስለው እየሮጠ መጥቶ በሩን አስከፈተኝ፣ ሳጥኑን ተሸክሞ ጣሪያ ላይ አወጣው። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

ስሌቱን በኋላ አሳየኝ። አንድ ኪሎ ደረቅ በረዶ ከ500 ሊትር በላይ ጋዝ ይሆናል። የኔ ክፍል 2 ሜትር በ2 ሜትር ተኩል ነው፣ ቁመቱ 2.6፣ መስኮት የለውም፤ ሲባዛ 13 ሜትር ኩብ። ከ10 ኪሎው አንዱ ኪሎ ብቻ ሌሊት ቢተን ከክፍሉ አየር ከመቶ 4 እጁ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ያ ለሕይወት አደገኛ ተብሎ የተቀመጠ ልክ ነው። ሁሉም ቢተን አልነሳም ነበር። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፣ የብዙዎቻችን ፍራሽ ደግሞ ያለው እዚያው ነው። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ላብ ነው፤ ከተሰማችሁ ወጥታችሁ አየር ውሰዱ፣ ሳጥኑን ለማውጣት አትመለሱ። በመኪና ውስጥ መስኮት ዘግታችሁም አብራችሁ አትሂዱ። ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ዕቃ ወይም በጠርሙስ አትዝጉት፣ ይፈነዳል። በባዶ እጅም አትንኩት።

ፈሳሽ ናይትሮጅን ደግሞ ይብሳል። ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ነው፣ አንድ ሊትሩ ወደ 700 ሊትር ጋዝ ይሆናል፣ ሽታ የለውም፣ ትንፋሽም አያሳጥር፤ ሰው ሳያውቀው ይወድቃል። ልጆቹ በዚህ ሲጫወቱ በርና መስኮት ካልተከፈተ ቡና ይዛችሁላቸው አትግቡ። በሩ ላይ አስቀምጣችሁ አንኳኩ።

ስታጸዱ

ባለቤቱ ከሌለ ምንም ነገር አትንቀሉ፣ አትሰኩ። መብራት ጠፍቶ ከተመለሰ ራሳችሁ አታስነሱት፤ በረዶው ቀልጦ ሰሌዳው ላይ ወርዶ ሊሆን ይችላል። በነገራችን ላይ ማንኛውም ፍሪጅና ኤሲ ከጠፋ በኋላ ወዲያው አይበራም፣ አምስት ደቂቃ ጠብቁለት፣ ካልሆነ ሞተሩ ይጎዳል።

መርጫ አትጠቀሙ። ጨርቁን በደንብ ጭመቁ፣ ሳጥኑን ከውጭ ብቻ ጥረጉ፣ ስፖንጁን አትጎትቱ፣ የተነሳ ጠርዝ ካያችሁ ተናገሩ። ከኋላ የሚነፋው ሙቅ አየር ልብስ ለማድረቅ ያጓጓል፣ እኔም ካልሲ አስጥቼበት አውቃለሁ። አይሆንም። ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ሞተሩ ይግላል። በዚያው ዲቫይደር ላይ ካውያ ወይም መክነሳ አትሰኩ። ባለ 13 አምፔር ዲቫይደር በ220 ቮልት ከ2860 ዋት በላይ አይሸከምም፤ ኤሲው 1200፣ ኮምፒውተሩ 600፣ ካውያው 2000 ሲደመር 3800 ነው። ሶኬቱ ሲግል ወይም የተቃጠለ ላስቲክ ሲሸት ወዲያው ተናገሩ።

ጋዝ ቢወጣ

ሲያፏጭ ከሰማችሁ ወይም ቱቦው ሥር የዘይት ጠብታ ካያችሁ ጋዝ እያፈሰሰ ይሆናል። አብዛኛው አይሸትም። ሞተሩ ላይ የእሳት ምልክት ያለበት ቢጫ ባለ ሦስት ማዕዘን ከተለጠፈ ጋዙ ይነዳል ማለት ነው፤ መብራት አታብሩ፣ አታጥፉም፣ መስኮት ከፍታችሁ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ። የማይነደውም ቢሆን በእሳት ሲነካ መርዝ ይሆናል፣ ስለዚህ ማንም ሰው ቱቦ ሲበይድ አጠገቡ አትቁሙ። የሚረጭ ጋዝ ቆዳ ከነካ ልክ እንደ ቃጠሎ ነው፤ አትሹት፣ ለብ ባለ ውሃ ያዙት፣ በሙቅ አይደለም።

የእሳት አደጋ ስልክ ሳውዲ በሪያድ፣ በመካ፣ በመዲናና እኛ ባለንበት በምሥራቁ ክልል 911፣ በሌላው ክልል 998፣ ኤምሬትስ 997፣ ኩዌት 112፣ ኳታርና ባሕሬን 999፣ ኦማን 9999፣ ሊባኖስ 125 ነው። አድራሻውን በዐረብኛ መናገር ካልቻላችሁ የቤቱን ቦታ ከአሁኑ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት።

ሲጣል

ልጁ ዘንድሮ ሰልችቶት ፈታው፣ ማዳምም ጣይው አለችኝ። መዳቡ ይሸጣል ብላችሁ ቱቦውን በቢላ ወይም በመቀስ እንዳትቆርጡ፣ ጋዙ ውስጡ ነው ያለው። ኤሲ ውስጥ ካፓሲተር የሚባል የብረት ጣሳ የሚመስል ዕቃ አለ፤ ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል፣ ሁለቱን ጫፍ የነካ ይመታዋል። ፀረ-በረዶውን ግቢ ውስጥ አትድፉት፣ ድመት ትልሰዋለች። እኔ በጄሪካን ሞልቼ፣ ክዳኑን አጥብቄ፣ በዐረብኛ «መርዝ» ተብሎ እንዲጻፍበት ለልጁ ሰጠሁት፤ መኪና የሚታጠብበት ጋራዥ ወስዶ አስረከበው። ኤሲውን የአካባቢው ቴክኒሻን ጋዙን ቀድቶ ወሰደው።